ሁላችንም የወደቅንበት ቤት

የመጀመሪያው ጥፊ ያገኘኝ አባባን ገንፎ እያጎረስኳቸው ሳለሁ ነው። ማንኪያው በረረ፣ ገንፎው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ ግራ ጆሮዬ ጭው አለ። አባባ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ለእጃቸው ግን ይህን የነገረው ሰው የለም። ዘመኑን ሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መሪ ሲጠመዝዝ የኖረ እጅ ነው። ከመቱኝ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ "ሰው ሞልቷል፣ በሩን ዝጊው" አሉኝ። ረዳታቸው መስያቸዋለሁ።

እኔ የአውቶቡስ ረዳት አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። ሠልጥኜ፣ ሰርተፍኬት ይዤ፣ በኤጀንሲ ተቀጥሬ ነው እዚያ ቤት የገባሁት። ቤቱ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ወደ ባሕር ዛፉ ሽቅብ የሚወጣበት ላይ ነው። የምኖረው ወሰን ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሌሊቷ ተረኛ እረከባለሁ፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ መልሼ ለእሷ አስረክባለሁ። የአባባ በሽታ የመርሳት በሽታ ነው። ጠዋት ጠዋት ጨዋ፣ ተጫዋች፣ መራቂ ናቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ።

ሥልጠናው ላይ ስለ ራሳችን ደህንነት የተማርነው አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም እንድንወጣ ሁላችንም ቦርሳችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን ነበር። አሠልጣኙ "ታካሚ ከመታችሁ የዚያኑ ዕለት ጽፋችሁ አሳውቁ፤ የሚያሰጋ አደጋ ካለ ሥራውን ትታችሁ መውጣት መብታችሁ ነው" ሲል ትዝ ይለኛል። ጥያቄ አለ ወይ ብሎን በአንድ ድምፅ የለም አልን። ስለ አልጋ ቁስል ግን ሳምንት ሙሉ ተማርን። እስከ ዛሬ የሰው ቁስል በማጠብ የሚበልጠኝ የለም፤ የራሴን ማሳየት ነው ያላወቅሁበት።

በዚያ ቤት አንድ ትልቅ ሰማያዊ ደብተር አለ። የውሎ ደብተር እንለዋለን። አባባ ምን በሉ፣ መድኃኒታቸውን በስንት ሰዓት ወሰዱ፣ ስንት ጊዜ ሸኑ፣ እንዴት አደሩ፤ ሁሉም ይጻፍበታል። መጨረሻው ላይ "የተለየ ሁኔታ" የሚል ቦታ አለ። እኔና የሌሊቷ ተረኛ ስንቀያየር በር ላይ ቆመን ከምናወራት ሁለት ቃል በቀር የምንነጋገረው በዚህ ደብተር ነው። ሴት ልጃቸውም በየእሑዱ ገጾቹን በስልኳ እያነሳች ውጭ አገር ላሉት ወንድሞቿ ትልካለች። ሃምሳ ዓመት የሆናት የቢሮ ሰው ናት፤ አባቷን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታየው። እኔም እትዬ ነበር የምላት።

ጥፊውን የቀመስኩ ዕለት ማታ እስክሪብቶውን ይዤ "የተለየ ሁኔታ" የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። "አባባ በጥፊ መቱኝ" ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እንቢ አለኝ። ሰፈር ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጆቻቸው አባታችን ሴት ይማታል የሚል ወረቀት በባዕድ አገር ሲያነቡ ታየኝ። በዚያ ላይ የሌሊቷ ተረኛ በየጠዋቱ ስለ እሳቸው የምትጽፈው "አባባ ሰላም አድረዋል" ነው። እሷን የማይመቱ እኔን የሚመቱኝ፣ አያያዝ ባላውቅበት ነው ብዬ አፈርኩ። ስለዚህ "ኩሽና አዳልጦኝ ወደቅኩ፤ ጉንጬ ትንሽ ቀልቷል" ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። ይሉኝታዬ ነው የጻፈው፣ እኔ እስክሪብቶውን ይዤለታለሁ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ወደቅኩ። በአንድ ወር ውስጥ ደረጃ ላይ ወደቅኩ፣ ጓሮ ወደቅኩ፣ ምንጣፍ ጠልፎኝ ወደቅኩ። በክርን ደረቴን ሲሉኝ ወደቅኩ። ትኩስ ሾርባ እጄ ላይ ሲደፉብኝ "ሾርባ ስቀዳ ወደቅኩ" ብዬ ጻፍኩ። እትዬ አንድ እሑድ ሳቅ ብላ "አንቺ ልጅ፣ እግርሽን ምን ነካው? ጫማሽን ለምን አትቀይሪም?" አለችኝ። ሳምንቱን ጠብቃ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ገዝታ መጣች። ደግ ሴት ናት፤ ይሄ ነው የሚያናድደው።

የሻርፑ ነገር የደረሰው ገላቸውን ሳጥባቸው ነው። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ጀርባቸውን እያሸሁ ጎንበስ ስል የአንገቴ ሻርፕ ጫፍ እጃቸው ገባ። አንድ ጊዜ ጠመዘዙት፣ ሁለተኛ ጠመዘዙት። "ሌባ! ከላይ የጫንኩትን ዕቃ የምትፈታው አንተ ነህ!" ይላሉ። ልጮህ ብል ድምፅ የለኝም። ውኃው ሲፈስ ይሰማኛል፤ የግድግዳው ነጭ ሸክላ በዓይኔ ከጠርዙ ይጠቁር ጀመር። ጣቶቼን በሻርፑና በአንገቴ መካከል ማስገባት አቃተኝ። የቀረበልኝ አውራ ጣታቸው ነበር። ነከስኩት። ደም አፌ ውስጥ እስኪመጣ ድረስ ነከስኩት። ለቀቁኝ፣ እንደ ልጅም አለቀሱ። እኔ እርጥቡ ወለል ላይ በአራት እግሬ ሆኜ አየር ስፈልግ እሳቸው ጣታቸውን ይዘው "ምን አደረግሁሽ?" ይሉኝ ነበር።

ጣታቸውን አጥቤ አሸግኩት። ቆንጆ አድርጌ ነው ያሸግኩት። ደብተሩ ላይ "መታጠቢያ ቤት ወደቅኩ" አልኩ፤ ቀጥዬ "የአባባ አውራ ጣት በር ቆንጥጦት ታሽጓል" ብዬ ጻፍኩ። እሑድ ዕለት እትዬ ጣታቸውን አይታ ግንባሬን ሳመችኝ። ያን ቀን ቤቴ ስሄድ ራሴን ጠላሁት። ሽማግሌ ነክሼ ምስጋና የተቀበልኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ልናገር ብል ንክሻውም አብሮ ሊወጣ ነው፤ ስለዚህ አፌ ተለጎመ። በነጋታው ያደረግኩት ነገር ቢኖር ሻርፕ መልበስ ማቆም ብቻ ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ስደርስ የሌሊቷ ተረኛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ የምትኖር፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሙስሊም ናት፤ ሰዓት አክባሪ፣ ቃል ቆጣቢ። ደብተሩን ገልጬ ሳነብ "ጋራዥ በር ገጨኝ፤ ክንዴ ትንሽ አብጧል። አባባ ሰላም አድረዋል" ይላል። ሳቄ መጣ።

"ዛሬም በር? የዚህ ቤት በር ይማታል እንዴ?" አልኳት።

"ቀልቤን ጥዬ ነው ባክሽ" አለችና እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። "በይ ደህና ዋይ።"

አባባን ከቁርስ በኋላ ግቢ ውስጥ አንሸራሽራቸዋለሁ። መጨረሻ ላይ ጋራዥ ይገቡና ቆማ የቀረች አሮጌ መኪናቸው ውስጥ ይቀመጣሉ። መሪውን ይዘው ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ይላሉ፤ ደስ ይላቸዋል። እኔም ያችን ሩብ ሰዓት ልብስ አሰጣባታለሁ። ያን ቀንም አሰጣሁ። ስመለስ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ቆመው አገኘኋቸው። በርዷቸዋል ብዬ ደግፌ አስገባኋቸው። እንዲያውም ክንዳቸው ሥር የሆነ ጠንካራ ነገር ነክቶኝ ከዘራቸው መስሎኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አንሶላ ልቀይር አልጋው ላይ ጎንበስ አልኩ። የመጀመሪያው ምት ትከሻዬ ላይ አረፈ። ዞር ስል ጋራዥ ውስጥ የነበረውን የጎማ መፍቻ ብረት በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አንስተውታል። ዓይናቸው እኔን አያይም። "ሽፍታ! ሰዎቼን አትነኩም! አንድ ሰው አታወርዱም!" ይጮሃሉ። ክንዴን ፊቴ ላይ አነሳሁ። ሁለተኛው ምት እሱን አገኘው። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነው የተሰማኝ፤ ሕመሙ ዘግይቶ ነው የመጣው። እጄ በማይታጠፍበት ቦታ ታጥፎ ተንጠለጠለ። በጉልበቴ ወደ በሩ ስድህ ሦስተኛው ምት መቃኑን ፈለጠው፤ የእንጨቱ ስንጣሪ ዓይኔ ሥር ተሰካ። ወጥቼ በሩን በእግሬ ዘጋሁና ተደግፌው ተቀመጥኩ። ከውስጥ በኩል ብረቱ አራት አምስት ጊዜ በሩን መታው። ከዚያ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ በለሰለሰ ድምፅ "ረዳት፣ ሰው ሁሉ ደህና ነው?" ሲሉ ሰማሁ።

ጮኼ አለቀስኩ። ያን ጊዜ እንኳ አንጀቴን በሉኝ፤ አውቶቡሳቸውን ከሽፍታ ያዳኑ ሰው ናቸው።

እትዬ ከቢሮ በርራ መጥታ በመኪናዋ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ "ትወድቃለች፤ ብዙ ጊዜ ነው የምትወድቀው" አለችው። እያታለለች አልነበረም። በእጄ የጻፍኩትን ነው የነገረችው። እኔም ሕመሙ አናቴ ላይ ወጥቶ ስለነበር፣ ምላሴም ስለለመደ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ከሁሉ ውሸቶቼ ትልቁ ነው።

በማግስቱ ወደ ኤጀንሲው ደውዬ እውነቱን ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ ከእኔ የሚያንስ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ያለ እንግሊዝኛ መጨረስ የማይችል ሰው ነው። "እህቴ፣ ሪፖርቱ ላይ እንደዛ የሚል ነገር የለም እኮ። ክላየንታችንን አሁን ተነስተሽ ብትከሺ ፕሮፌሽናል አይደለም" አለኝ። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣልኝ። ደጋግማ የምትወድቅ መሆኗ ከውሎ ደብተሩ ስለተረጋገጠ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ደብቃ የተቀጠረች በመሆኗ ውሏ ተቋርጧል ይላል። ደሜ ፈላ። የሚጥል በሽታ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ግን እንዲህ የሚል ወረቀት ይዛ የምትዞር አስታማሚን ማን አባቱን ደግፊልኝ ይላታል? ክንዴ ቢጠገን እንኳ እንጀራዬ ተሰብሮ ሊቀር ነው።

እትዬም ደወለች። "የኔ እህት፣ እንጦጦ ጸበል ብትገቢ ይሻልሻል። እኔ ራሴ አደርስሻለሁ" አለችኝ። ጸበሉን አልንቅም፤ እናቴን ከአልጋ ያነሳ ጸበል ነው። ግን የጎማ መፍቻን የሚያስጥል ጸበል አለ ሲባል አልሰማሁም። ይህንኑ ነገርኳትና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀጥታ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄድኩ። ያስተናገደችኝ ኃላፊ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ብትወድቂም ብትመቺም፣ ሥራ ላይ እያለሽ የደረሰብሽ ጉዳት የአሠሪሽ ኃላፊነት ነው" አለችኝ። "ከዚያ ለመሸሽ ነው በሽታ ያመጡልሽ። ሰውዬው እንደሚማቱ የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?"

"የለም። እኔን ብቻ ነው የሚመቱት" አልኳት።

"እሱን ደብተሩን ሳየው እነግርሻለሁ" አለችና ሁሉንም ጠራቻቸው።

የቀጠሮው ቀን ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ እትዬ መጣች፣ የሌሊቷ ተረኛም ደብተሩን በፌስታል ይዛ መጣች። ሥራ አስኪያጁ እኔ የወደቅሁባቸውን ገጾች በቢጫ ወረቀት ምልክት አድርጎባቸዋል። ኃላፊዋ የእሱን ምልክቶች አልፋ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠችው፤ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ካለው። የማላውቀው የእጅ ጽሑፍ ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። "ደረጃ አዳልጦኝ ወደቅኩ።" ገለጠች። "ጓሮ ወደቅኩ፣ ከንፈሬ ተሰንጥቋል።" ሌላ እጅ ጽሑፍ፣ ሌላ ሴት። "ቁም ሳጥን ገጨኝ።" "ወደቅኩ፤ ጥርሴ ተነቃንቋል።" ከዚያ የእኔ መጣ። በእኔ መካከል ደግሞ በየሳምንቱ የሌሊቷ ተረኛ፤ "በር ገጨኝ"፣ "አልጋ ጠርዝ መታኝ"። እነዚህን በየጠዋቱ አንብቤያቸዋለሁ። አንብቤ አልፌያቸዋለሁ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። "የቤታችሁ ወለል ምንድን ነው?" አለቻት እትዬን።

"ምንጣፍ ነው" አለች እትዬ።

"አራት ሴት ነው የወደቀው። አራታቸውም የሚጥል በሽታ አለባቸው?" አለችና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። "አራቱንም ፈልጎ ያመጣቸው የእርስዎ ኤጀንሲ ነው?"

ሥራ አስኪያጁ ቢጫ ወረቀቶቹን ማየት ጀመረ። የሌሊቷ ተረኛ ግን ተነስታ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ረጅም ጠባሳ አለ፤ ጫፉ አሁንም ቢጫ ነው። "በር አይደለም" አለች። "የጎማ መፍቻ ነው። በዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ጋራዥ ገብተው አንስተውት መቱኝ። ቀምቼ ቦታው መለስኩት። እኔን ብቻ የሚመቱኝ መስሎኝ አፍሬ አልጻፍኩትም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ጽፌው ቢሆን ኖሮ አንቺ ጋራዥ አታስገቢያቸውም ነበር።"

እውነቷን ነው፤ አላስገባቸውም ነበር። ለአፍታ በደህናው እጄ በጥፊ ልላት ፈለግሁ። ክንዴ ውስጥ ብረት ገብቷል፣ ባልተጻፈች በዚያች አንድ መስመር ሰበብ። ግን እኔ የሻርፑን ቀን ጽፌ ቢሆን እሷስ ጎህ ሲቀድ ብቻዋን ትገጥማቸው ነበር? እሷ የእኔን ውሸት ስታነብ እኔ የእሷን ሳነብ፣ በየተራ አሳልፈን ስንሰጣጥ ከርመናል። ስለዚህ የቀረውንም አወጣሁት። "አውራ ጣታቸውን በር አልቆነጠጠውም። አንቀው ሊገድሉኝ ሲሉ ነክሻቸው ነው" አልኩ። እትዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አለች።

"አንድ ቀን ማን መታሽ ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ?" አልኳት። "ጫማ ነው የገዙልኝ።"

ኃላፊዋ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው። ቀኝ እጄ ጄሶ ውስጥ ነው፤ እስክሪብቶውን በግራ እጄ ያዝኩ። ከእያንዳንዱ ውድቀቴ ሥር የሆነውን ጻፍኩ። ፊደሎቹ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ይመስላሉ። ማንም አላቻኮለኝም። የሌሊቷ ተረኛ ከእኔ ቀጥላ የራሷን ጻፈች።

ደብዳቤው ተሰረዘ፤ የሕክምናዬም ያለ ሥራ የተቀመጥኩበት ጊዜም ወጪ በኤጀንሲው ላይ ወደቀ። ይህን ስል ግን ድል አደረግን እያልኩ አይደለም። ክንዴ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ከባድ ሰው ማንሳት አልችልም። ከእኔ በፊት የነበሩትን ሁለት ሴቶች እስካሁን አላገኘናቸውም።

ጄሶው ከተፈታ በኋላ ኤጀንሲው አዲሷን የቀን አስታማሚ እንዳለማምድ ጠየቀኝ። ጋራዡ ይቆለፍ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሁለት ሰው ይኑር፣ ከአልጋው እስከ በሩ ያለው መንገድ ክፍት ይሁን አልኩ። ሦስቱም ተደርጎ ቆየኝ። አዲሷ አርባ ዓመት የሚሆናት ረጋ ያለች ሴት ናት። ጠዋት ስለነበር አባባ ጨዋው ሰውዬ ነበሩ። አላወቁኝም። ክንዴን ግን አዩት።

"ልጄ፣ እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?"

"እርስዎ መቱኝ፣ አባባ" አልኳቸው። እንዲህ የምልበትን ቀን ስንት ወር አልሜዋለሁ።

መዳፋቸውን ገልጠው አዩት። "እኔ? ሴት ልጅ?" አሉ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ያሰብኩትን ያህል ደስ አላለኝም፤ ምንም ደስ አላለኝም። ጠረግኩላቸው። ትንሽ በመስኮቱ ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?"

አዲሷ ሴት ታየኛለች። "ወድቄ ነው፣ አባባ" አልኳቸው።

"እግዜር ይማርሽ። ደረጃ ላይ ተጠንቀቂ" አሉኝ።

ደብተሩን ከመደርደሪያው አወረድኩና በግራ እጄ የጻፍኩበትን ገጽ ገልጬ ለአዲሷ ሴት ሰጠኋት። "ለእሳቸው የፈለግሽውን በያቸው" አልኳት። "ማታ የምትመጣዋ ግን ይህን ነው የምታነበው። የመቱሽን ጻፊላት።"